የጅሩ መረሬ

የአብነት መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፥ ከመሬት፥ ከውኃ፥ ከነፋስና ከእሳት፥ እንደ ተሠራ ይናገራሉ። ይህን ትምህርት የሰማ ሰው ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ሞረትና ጅሩ አገር ቢወጣና በእነዋሪ ዙሪያ የተዘረጋውን ጥቁር ሜዳ ቆም ብሎ ቢመረምር፥ ለሥጋችን እንጀራ የሚያበቅለውም አፈር የእነዚያው የአራቱ ሥራ መሆኑን ለማስተዋል አይቸግረውም። ገበሬው ይህን አፈር መረሬ ይለዋል፤ ዋልካ የሚሉትም አሉ። ከድንጋይ እንዴት እንደ ተወለደ፥ ከተወለደም በኋላ የሰው እጅ እንዴት እንደ ገራው መናገር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያው እሳት ነበረ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬው ደጋ ምድር ተሰነጣጥቆ፥ ከውስጡ የቀለጠ ዐለት እየፈላ በሜዳው ላይ ፈሰሰ፤ አንዱ ፍሳሽ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየተደረበ፥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው የጥቁር ድንጋይ ንብርብር ቆመ። ሊቃውንቱ ባዛልት የሚሉት ይኸው ድንጋይ ነው። ወደ ዓባይ የሚወርደው የጀማ ወንዝ ይህን ንብርብር ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆት ስላለፈ፥ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ከላይ ባዛልቱን፥ ከበታቹም እሳቱ ሳይፈስስ በፊት የተጋገሩትን የአሸዋ ድንጋይና ባሕር በዚያ ምድር ላይ ተኝቶ በነበረበት ዘመን የተከማቸውን የኖራ ድንጋይ በየደረጃው ያነባል። ለአፈሩ ትውልድ ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ የለም።

ከእሳቱ ቀጥሎ ሥራውን የተረከቡት ነፋስና ውኃ ናቸው። የቀን ፀሐይና የሌሊት ውርጭ ድንጋዩን እየሰነጠቁ ለዝናሙ በር ይከፍቱለታል፤ ዝናሙም ከአየሩ፥ ይልቁንም በምድር ውስጥ ከሥሮች እስትንፋስ፥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እየተቀበለ ጥቂት የአሲድነት ጠባይ ስለሚይዝ፥ ወደ ስንጥቁ በገባ ቁጥር ድንጋዩን የሠሩትን ማዕድናት አንድ በአንድ ይፈታቸዋል። ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ወደ ሸክላነት ይለወጣል፤ በሌሎቹ ውስጥ ታስሮ የኖረው ብረትም ነጻ ሲወጣ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ ይዝጋል። ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚወስነው የምድሩ አቀማመጥ ነው። በተዳፋቱ ላይ ውኃው ፈጥኖ ስለሚያልፍ የሚሟሙትን ንጥረ ነገሮች ጠርጎ ሲወስድ፥ የዛገው ብረት ቀርቶ ቀዩን አፈር ይሠራል፤ መውጫ ባጣበት ሜዳ ላይ ግን ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ስለሚከማቹ፥ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሲደርቅም የሚኮማተር ሸክላ ይፈጠራል። ቀዩና ጥቁሩ እንግዲህ ከአንድ ድንጋይ የተወለዱ ወንድማማች ናቸው። የሩሲያው ሊቅ ዶኩቻዬቭ በ1883 ዓ.ም (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ስለ አገሩ ጥቁር አፈር ባሳተመው መጽሐፍ፥ አፈር የድንጋይ ፍርፋሪ ብቻ ሳይሆን ከእናት ድንጋዩ፥ ከአየሩ ጠባይ፥ ከሕያዋን ፍጥረታት፥ ከምድሩ አቀማመጥና ከዘመን ርዝመት ኅብረት የሚወለድ ራሱን የቻለ አካል መሆኑን አስረድቷል፤ የእኛም ገበሬ መጽሐፉን ሳያይ ገመገሙን ለአንድ ዘር፥ ረባዳውን ለሌላ ዘር ሲለይ የኖረ ነው።

ሕያዋኑ ያልኋቸው ሣሩ፥ ቅጠሉ፥ ትሉ፥ ምስጡና በዓይን የማይታዩት ተሐዋስያን ናቸው፤ የሞተውን ወደ ብስባሽ፥ ብስባሹንም ወደ አፈሩ አካል የሚያዋሕዱት እነርሱ ናቸውና። ዳርዊን በ1881 ዓ.ም፥ በዚያው በአውሮጳ አቆጣጠር፥ ባወጣው የመጨረሻ መጽሐፉ የምድር ትሎች አፈሩን እንዴት እያነሡ እንደሚገለብጡ ጽፎ፥ ብዙ ሰው የናቀውን ፍጥረት ከታላላቆቹ ሠራተኞች ጋራ ቆጥሮታል። ዳሩ ግን በመረሬ ዘንድ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጥቁረቱን አይቶ ብስባሽ የሞላበት ነው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን በውስጡ ያለው ብስባሽ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሲሆን፥ ከሸክላው ጋራ እጅግ ተጣብቆ ስለሚኖር ነው ያን ያህል የሚያጠቁረው። ጽድና ወይራ ከቆሙበት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አንድ እፍኝ፥ ከቅጽሩ ውጭ ካለው እርሻም አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ በጣቱ የፈተሸ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

የመረሬ ጠባይ አስቸጋሪ ነው። በበጋ ይደርቅና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ የላዩም አፈር ወደ ስንጥቁ እየወረደ፥ በክረምት ሁሉም እንደ ሊጥ ሲያብጥ እርስ በርሱ ይገፋፋል፥ በዚህም ምክንያት ምድሩ ያለ ማረሻ ራሱን ይገለብጣል። ደረቁ ማረሻ ይሰብራል፥ ርጥቡ በሬ ያሰምጣል፤ ውኃውም ስለማይሰርግ በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ በብዙው የደጋ አገር ገበሬው ዝናሙ እስኪያባራ ጠብቆ፥ በክረምቱ መጨረሻ ሽምብራ ወይም ጓያ ዘርቶ በቀረው ርጥበት ያበቅል ነበር፤ የተመረጠውም የዝናም ወራት ያለ ሰብል ያልፍ ነበር።

እነዋሪዎች ይህን አልተቀበሉም። ማሳውን አርሰው ዘሩን ከበተኑ በኋላ፥ ሴቶችና ልጆች ጭምር በባዶ እጅ አፈሩን ከቦዩ እያፈሱ ወደ መደቡ በመከመር፥ ሰፋ ያለ መደብና ጠባብ ቦይ እያፈራረቁ ይሠራሉ፤ ትርፉ ውኃ በቦዩ ሲወርድ ሥሩ በመደቡ ላይ ይተነፍሳል፥ ስንዴውም በክረምቱ መግቢያ ተዘርቶ ይደርሳል። ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው የአፍሪካ የከብት ጥናት ማዕከል ከሌሎች ተቋማት ጋራ ሆኖ ስለ ጥቁር አፈር ሲመራመር፥ ያንኑ መደብና ቦይ በበሬ የሚያወጣ፥ ከሁለት የአገር ማረሻ የተጋጠመ መሣሪያ ሠራ። በእኔ ፍርድ መሣሪያው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የጅሩ ሴቶች በጣታቸው ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ በሬ እንዲሠራው አደረገ እንጂ መደብና ቦይን ራሱን ለጅሩ አላስተማረም፥ ምስጋናውም በዚህ ቅደም ተከተል ሊሰጥ ይገባል።

በስተ ደቡብ፥ ብርዱ በሚበረታበት በሸኖና በአካባቢው ደግሞ፥ ሌላ ልማድ ነበረ። ገበሬው ሣር የበቀለበትን ምድር ገልብጦ ካደረቀ በኋላ ጓሉን ይከምርና ከውስጡ በኩበት እሳት ይለኩሰዋል፤ ጓይ የሚባለው ይህ ነው። ክምሩ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ሰንብቶ ሸክላው እንደ ገል ይከካል፥ በብስባሹ ውስጥ የታሰረው ፎስፎረስም ስለሚፈታ ያን ዓመት ገብሱ ያምራል። ነገር ግን ያ መከር የተገዛው ስንት ዘመን በተጠራቀመ ብስባሽ ስለ ሆነ፥ ከአንድ ወይም ከሁለት መከር በኋላ ምድሩ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ጦም ያድር ነበር።

ዛሬ ጓይ በብዙው ቢቀርም ኩበቱ መንደዱ አልቀረም። ዛፍ በጠፋበት ደጋ የበሬው ፋንድያ ከበረት ወጥቶ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ሰንጋው በዐውደ ዓመት ገበያ ስሙ በተጠራ በጅሩ አገር እንኳ ከብቱ የበላው የእርሻ ገለባ ወደ እርሻው የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። እሳቱ ባዛልቱን ሰጥቷል፥ ውኃና ነፋስ ሸክላ አድርገውታል፥ የጅሩ ሴቶች መደብ ሠርተውለታል፤ ከኩበቱ እኩሌታውን እንኳ ለማሳው መተው ግን የእኛ ፋንታ ነውና፥ በየመንደሩ ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ በገመገሙ ላይ ይተከል፥ ፋንድያውም ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ ወደ መረሬው ይውረድ።