ስለ አሮጌ የቪዲዮ ካሴቶቻችን



አምና በአንድ ጎረቤታችን የሙት ዓመት ላይ ልጆቹ የአባታቸውን መልክ ለማየት አሮጌ የሰርግ ቪዲዮ ካሴት ከቁም ሳጥን ላይ አወረዱ። ዴክ ፍለጋ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ተኬደ። በስንት መከራ ተገኝቶ ቢከፈት፣ ካሴቱ ነጭ ሻጋታ ይዞት ኖሯል፤ ጥቂት እንደሄደ ዴኩ ጥብጣቡን በላው። አባትየው ሙሽሮቹን በአገውኛ የመረቁበት ቃል እዚያው ቀረ። በለቅሶው ላይ ሌላ ለቅሶ ሆነብን።

ለመሆኑ ይህ ካሴት ምንድን ነው? ቪኤችኤስ የሚባለውን ዓይነት ለገበያ ያወጣው የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1976 ነበር። የሶኒ ቤታማክስ በአንድ ዓመት ቢቀድመውም ገበያውን የወሰደው ቪኤችኤስ ነው። ወደ እኛም አገር ገብቶ ስንት ሰርግና ክርስትና ተቀዳበት። ኋላ ዲቪዲ መጣ፤ ቀጥሎም የእጅ ስልክ። እስከ መጨረሻው ዴክ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቆመ። ስለዚህ ካሴቱ ደህና ቢሆን እንኳ ማጫወቻው እየጠፋ ነው።

ካሴቱም ቢሆን ዘላቂ አይደለም። በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ በሙጫ የተያዘ የብረት ዱቄት ነው፤ ምስሉም ድምፁም ያለው በዚያ ዱቄት ላይ ነው። እርጥበት ሙጫውን ያላላዋል፣ ሻጋታም ያመጣል። የአገራችንን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ!

አባቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። ብራናው ሲያረጅ ጸሐፊው በአዲስ ብራና ይገለብጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ፊልሙ ራሱ ወደ ኮምፒዩተር መዛወር ያዘ። እንግዲህ ነገሩ ከጥንትም ያው ነው፤ የተገለበጠ ይቆያል።

እኛስ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ አይግባ፤ ዴኩንም ሌላውንም ካሴት ያበላሻል። ሁለተኛ፣ በካሴቱ ጠርዝ ያለችዋ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ትሰበር፤ ያኔ በስሕተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ሦስተኛ፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ቅጂው ከዋናው አይለይም። የ2 ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ 2 ሰዓት ይፈጃልና ዛሬ ነገ አንበል። አራተኛ፣ ቅጂው በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በሀርድ ዲስክ እናንተ ዘንድ፣ ሌላው በዘመድ ቤት ይሁን። ዲቪዲ ብቻውን አይታመንም፤ እሱም ያረጃል።

እድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ ገዝቷል። እስቲ አንድ ደህና ዴክም በጋራ ፈልገን እንግዛና የየቤታችን ካሴት በተራ ይገልበጥ። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ወገናችንን በክብር መቅበር ግዴታችን ነው፤ ድምፁን ግን አብረን አንቅበር።