አሰባሳቢው፦ ተስፋዬ ለማና ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

የኪነ ጥበባችን ታሪክ ሲወሳ የገጣሚው፣ የዘፋኙና የተዋናዩ ስም ይቀድማል፡፡ ከያንያንን ከየአካባቢው አሰባስቦ፣ አለማምዶ ለመድረክ የሚያበቃውና መጋረጃው ሲገለጥ ከጀርባ የሚቆመው ሰው ግን እምብዛም አይነሳም፡፡ እኔም ለመድረክ ስጽፍ ብዙ ዓመታት ካሳለፍኩ በኋላ ነው የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ባለ ዕዳ መሆኔን የተረዳሁት፡፡

ከእነዚህ አሰባሳቢዎች አንዱ አቶ ተስፋዬ ለማ ነበሩ፡፡ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተቋቋመ፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው፡፡) መሥራቹ የግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ሲሆኑ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ አሜሪካዊው የሰላም ጓድ አባል ጆን ኮ መርተውታል፡፡ በ1966 ኃላፊነቱ ገና ወጣት ለነበሩት ለአቶ ተስፋዬ ተላለፈ፡፡

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፡፡ ነገር ግን ማሲንቆ መቺው አንዲቷን ጭራ የሚቃኛት ለገዛ ድምፁ ነው፤ ክራሩም እንደዚሁ፡፡ ዋሽንት ደግሞ አንዴ ተቆርጦ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይላወስም፤ ስለዚህ አብሮ ለመጫወት ባለ አውታሮቹ ሁሉ ሸምበቆዋን መከተል ይኖርባቸዋል፡፡ የበገና ነገር ከሁሉም የከበደ ነው፡፡ በዐቢይ ጾም፣ በጸጥታ፣ ለጸሎት የሚደረደር መሣሪያ ከከበሮና ከመለከት አጠገብ ሲቀመጥ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ክብሩም ይዋጣል የሚል ቅሬታ ቢነሳ አያስደንቅም፡፡ እንቢልታ ብቻ ቀድሞውኑ የኅብረት መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ጥቂት ድምፆች እያዋጣ ዜማው በጋራ ይሞላል፡፡

ይህ ስብስብ አዝማሪውን ነፃነቱን ነሥቶታል የሚል ትችት አለ፡፡ በእኔ አስተያየት ትችቱ በከፊል እውነት ነው፡፡ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው እያየ ስንኝ የሚቋጥር ባለሙያ፣ በደቂቃ የተለካ ፕሮግራም ሲሰጠው አንድ ነገር ይጎድለዋል፡፡ ይሁን እንጂ በጠላ ቤትና በድግስ አዳራሽ ቆሞ፣ «አዝማሪ» እየተባለ እንደ ስድብ ሲጠራ የኖረው ሰው፣ እዚህ ወንበር ተሰጥቶት ተመልካቹ ዝም ብሎ አዳመጠው፡፡ የአሰባሳቢው ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ከቅኝቱም ይበልጣል፡፡

ቡድኑ በ1969 በአሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን አስተባባሪነት «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ፣ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒት ላይም ቀረበ፡፡ (ስሙ ለውጭ ሰው ጆሮ ይቀል እንደሆነ እንጂ፣ እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ፡፡) አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ በ1975 ተበተነ፡፡

አቶ ተስፋዬ በ1987 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በዋሽንግተንም የኢትዮጵያን ኪነ ጥበብና ባህል የሚያስተዋውቅ ማዕከል መሥርተው ያንኑ የማሰባሰብ ሥራ በስደት ቀጠሉ፡፡ በ2013 አረፉ፡፡ የኦርኬስትራው ቅጂዎች «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ እትም 23ኛ ቅጽ ታትመው ዛሬም ይደመጣሉ፡፡ ዜማው አለ፡፡ ከመጋረጃው መገለጥ በፊት የነበረው ያ ረጅም መቃኘት፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ሁሉም ዋሽንቱን እየሰማ፣ በቅጂው ላይ የለም፡፡