ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?

ባለፈው እሁድ ማንጎ ቆራርጬ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። እናቴ አይታኝ «ኧረ በማርያም! ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች።

ጥያቄዋ ግን የራሷንም ድስት ይነካል። በርበሬ የሀገራችን ተክል አይደለም። መነሻው አሜሪካ አህጉር ነው፤ ባሕር የተሻገረው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በበርበሬ የቀላ ዶሮ ወጥ የሚባል ነገር አልነበረም። መቼም አንዲት ስሟ ያልተጻፈ ሴት ያንን እንግዳ ፍሬ ከኛው ኮረሪማ ጋር ወቅጣ ሞክራዋለች። ጎረቤቶቿም «ጉድ ነው!» ሳይሏት አልቀሩም።

ፓስታንም ያገኘነው ከጣልያን ነው። ወራሪው በ1941 እ.ኤ.አ. ተባረረ፤ ፓስታው ግን በእንጀራ ተጠቅልሎ ቀረ።

ይህን ስነግራት እናቴ ዝም አለች። ቆየት ብላ ግን አንድ ቁራጭ ማንጎ አነሳች።