የናዝሬት ልጅ በጥርሱ

በልጅነቴ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ፣ ስስቅ ያየኝ ሰው ሁሉ «አንቺ የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?» ይለኝ ነበር። ከየት እንደመጣሁ የነገረው አልነበረም። ጥርሴን አይቶ ነው። የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ሰንበር አለባቸው፤ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ኖራ የተረጨ የሚመስል ነጠብጣብ። ናዝሬት ውስጥ ግማሹ የክፍላችን ልጅ እንዲሁ ስለነበር አላፍርም ነበር። እናቴ ግን «በደንብ ስለማትፍቂ ነው» እያለች መፋቂያ ታስይዘኝና ድዴ እስኪደማ እፍቅ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የከተማችን ምክር ቤት አባል ሆኜ ስመረጥ ስለ አዳማ ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የጥርሴን ታሪክ ግን ገና አላውቀውም ነበር።

አዳማ የተቆረቆረችው ወንዝ ታይቶ ሳይሆን ሐዲድ ታይቶ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሜዳው ላይ የቀረችው ጣቢያ ነጋዴውን፣ ጋሪ ነጂውን፣ ጠላ ሻጯን እየሰበሰበች ከተማ ሆነች። በአፋን ኦሮሞ «አዳሚ» ቁልቋል ነው፤ ስሟንም ከዚያ የሚያመጡት ብዙዎች ናቸው። ናዝሬት ያሏት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ አዳማ የሚለው ስም በ1992 ዓ.ም. በይፋ ተመልሷል። እኔ ሁለቱንም እጠራለሁ፤ እናቴ የወለደችኝ ናዝሬት፣ ሕዝብ የመረጠኝ አዳማ ነው። ቁልቋል ግን የደረቅ አገር ተክል መሆኑን ልብ በሉ። አዋሽ ከከተማው ደቡብ፣ ከእኛ ዝቅ ብሎ ያልፋል። በክረምት ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ቤታችን ይገባል፤ በበጋ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ ሰው ወደታች ቆፈረ።

ከሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሲዘዋወር ፍሎራይድ ያሟሟል፤ ፍሎራይዱን የሚይዝለት ካልሲየም ደግሞ በውሃው ውስጥ ጥቂት ነው። ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ተበላሽቶ ይበቅላል። መፋቂያ የሚያደርገው ነገር የለም። እናቴ ይህን ሳታውቅ አርፋለች።

እንግዳ ነገርም አልነበረም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም የከተማዋን ልጆች ቡናማ ጥርስ ምክንያት ለ30 ዓመት ያህል ሲፈልግ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 መንስኤው የውሃው ፍሎራይድ መሆኑ ታወቀ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ አዳማ አጠገብ ያለውን የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር፣ ያ ዕውቀት ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በወንጂ የሠራተኛ ሰፈሮች ግን ሰው የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። እዚያ ነገሩ ከጥርስ አለፈ። ለብዙ ዓመት የጠጡት አከርካሪያቸው ደረቀ፤ ጎንበስ ማለት፣ አንገት ማዞር ተሳናቸው። ወንጂ የምትኖር አክስቴ ዘንድ ስንሄድ፣ ጎረቤቷ ሽማግሌ ሰላም ሊሉን ሙሉ ገላቸውን ሲያዞሩ አስታውሳለሁ። እኛ ልጆቹ ኩራት መስሎን ነበር። በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ያለውን ይህን በሽታ አጥንተው ለዓለም አሳወቁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ውሃው የሚጠየቅ ማን ነበር? በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ከተሞችን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አደረጋቸው፤ በከተማ ጉዳይ ድምፅ የነበረውም ባለ ንብረቱ ነው። ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጋሪ ነጂ አልተጠየቀም። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ግድቡ ተሠርቶ የአዋሽ ውሃ 43 ሜጋ ዋት መብራት ማመንጨት ጀመረ። መብራቱ አዲስ አበባ ደረሰ። ውሃው ግን አጠገባችን እያለፈ እኛ ከጉድጓድ መጠጣታችንን ቀጠልን።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ቀበሌ መጣ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ገቡ፤ እኛም የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆንን። ስለ ቀበሌ ክፉውን ሁሉ አውቃለሁ፤ የአጎቴ ልጅ ከቀበሌ እስር ቤት አልተመለሰም። ቢሆንም የሰፈራችንን ቦኖ ሳልናገር አላልፍም። ሌሊት 10 ሰዓት ባልዲና የዘይት ቆርቆሮ ይደረደራል፤ ባልዲ የሌላት ድንጋይ ታስቀምጥና ድንጋዩ ወረፋዋን ይይዝላታል። አራስ ያለችበት ቤትና ልቅሶ የተቀመጠ ቤት ወረፋ አይጠብቅም ነበር። ሕጉን ያወጡት ሴቶቹ ናቸው፤ አንድ ቀን ሲጣስ አላየሁም። ስለ ወረፋው ይህን ያህል ጠንቃቃ ስንሆን፣ በባልዲው ውስጥ ስላለው ነገር የነገረን ግን አልነበረም።

በ1990ዎቹ ከቆቃ በታች ከአዋሽ የተቀዳ፣ የተጣራ ውሃ በፓምፕ ተገፍቶ ከተማ ገባ። ያን ጊዜ የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ተዛውሮ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ወደዚያው ተመልሷል። ሕዝቡ በ1987ቱ ቆጠራ 127,842 የነበረው በ1999ኙ 220,212 ደረሰ። ውሃው አሁንም ፈረቃ አለው፤ መብራት ሲጠፋም ይጠፋል። ነገር ግን በቤቴ ያደረገውን ልንገራችሁ። በ1984 ዓ.ም. የተወለደው የመጀመሪያ ልጄ ጥርሱ እንደ እኔው ነው። በ1996 ዓ.ም. የተወለደችው የመጨረሻዋ ጥርሷ ነጭ ነው። አንድ እናት፣ አንድ ቤት፤ የተለየው ቧንቧው ብቻ ነው።

ምክር ቤት በገባሁ በዓመቱ ከከተማው ዳር ካሉት አዳዲስ ሰፈሮች አንዱ ሄጄ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሰው ሰብስቤ ሳነጋግር አንዲት እናት ተነሡ። «ልጄ፣ የጉድጓዱን ውሃ አፍልቼ ነው የማጠጣቸው። ታዲያ የልጅ ልጆቼ ጥርስ ለምን ጠቆረ?» አሉኝ። አፌን ከፍቼ ጥርሴን አሳየኋቸው፤ ከዚያ ያወቅሁትን ነገርኳቸው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያጠፋም። ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። የከተማውን በጀት የምናጸድቀው እኛ የምክር ቤቱ አባላት ነበርን። ከዚያ ቀን በኋላ በጀት ሲቀርብ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ሆነ፦ የትኛው ሰፈር ከአዋሽ፣ የትኛው ከጉድጓድ ይጠጣል?

ዛሬ ምክር ቤት የለሁበትም። በአዳማ ዙሪያ፣ በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱ ገጠሮች ከጉድጓድ የሚጠጣው ግን ብዙ ነው። ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ውሃችሁ በላቦራቶሪ ተለክቶ ቁጥሩ እንዲነገራችሁ የመረጣችሁትን ሰው ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉድጓዱን ለልብስና ለእቃ አድርጉት፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ በንጹህ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነውና፣ እሱን አፍልታችሁ ከ8 ዓመት በታች ላሉት ልጆች መጠጥና ምግብ አውሉት።