ብራናና ወረቀት በጨርጨር ግራና ቀኝ

ዛሬ ጭሮ ከሚባለው ከቀድሞው ከአሰበ ተፈሪ ወደ ደቡብ ለሚሄድ መንገደኛ፥ ቡና ከለበሰው ከጨርጨር ደጋ መካከል በደሳ ይገኛል። በደሳ በኦሮሞ ቋንቋ የዛፍ ስም ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ዶቅማ ይለዋል። ከዚህ ከተማ ተቀምጦ የመጽሐፍን ሥራ ታሪክ ለሚመረምር ሰው፥ አገሩ ያለበት ስፍራ ብቻውን ብዙ ነገር ያመለክተዋል። በሰሜን በኩል በቆላው ዳር የአሰቦት ተራራ አለ፤ በእርሱም ላይ በአቡነ ሳሙኤል ስም የሚታወቀው የደብረ ወገግ ገዳም ይገኛል፤ ይህም ከብራና መጽሐፍ ወገን ነው። በምሥራቅ በኩል ሐረር አለች፤ የሐረር ሊቃውንት ኪታባቸውን የጻፉት በወረቀት ነው። ጨርጨር እንግዲህ ከሁለት የመጽሐፍ ጥበብ መካከል የተቀመጠ አገር ነው። ሁለቱ ጥበባት በሃይማኖት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም መጽሐፍ ከመጻፉ ይልቅ መጠበቁ ይከብዳል ብለው ማመናቸው ነው።

ብራና የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠርና ሥጋው በስለታም ብረት ይፋቃል፤ ጠጕሩም ይላጫል፤ በሻካራ ድንጋይም እየታሸ ይለሰልሳል። ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው እየጠበቀ ስለሚሄድ ብራና ፋቂው ጠፍሩን ደጋግሞ ማጥበቅ አለበት። ቢላዋው ጥቂት የዘለቀ እንደ ሆነ ቆዳው ይቀደዳል፤ የተቀደደውም አይጣልም፤ በክር ይሰፋል። ጸሐፊውም ወደ ስፌቱ ወይም ወደ ቀዳዳው በደረሰ ጊዜ ቃሉን ከወዲህ አቁሞ ከወዲያ ይቀጥላል። በጥንት መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለውን ስፌት የሚያይ ሰው ጉድለት እንዳይመስለው ይገባል፤ የአንዲት ፍየል ቆዳ ምን ያህል ትከበር እንደ ነበረ የሚመሰክር ምልክት ነውና።

ለመከበሩም ምክንያት አለው። 160 ቅጠል ያለው መጽሐፍ በ20 ጥራዝ ቢደለደል፥ በእያንዳንዱ ጥራዝ ውስጥ ከመካከሉ የታጠፈ አራት ገበታ ብራና ይገባል፤ ድምሩ 80 ገበታ ይሆናል። መጽሐፉ ታላቅ ሆኖ ከአንድ ቆዳ አንድ ገበታ ብቻ የሚወጣ እንደ ሆነ 80 ፍየል ይፈልጋል፤ መካከለኛ ሆኖ ሁለት የሚወጣለት ቢሆን 40 ፍየል። እንግዲህ አንድ ወንጌል ማስጻፍ አንድ መንጋ እንደ መስጠት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የጸሐፊው ቀለብና ደመወዝ ገና ሳይቈጠር።

ጥቁሩ ቀለም የሚዘጋጀው ከጥላሸትና ተቃጥሎ ከከሰለ እህል ነው፤ ተፈጭቶና ተለውሶ ለብዙ ወራት ከተቀመጠ በኋላ በውኃ እየተበጠበጠ ወደ ቀንድ ይገለበጣል። ጸሐፊው የቀንዱን ሹል ጫፍ ከፊቱ በመሬት ላይ ይተክለዋል፤ አንዱ ለጥቁር፥ አንዱ ለቀይ። ብዕሩም ከመቃ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከከሰል ወገን ስለ ሆነ ብራናውን አይበላም፤ በአውሮጳ ብዙ ዘመን ያገለገለው ብረት ያለበት ቀለም ግን ስንቱን ወረቀት ወንፊት እንዳደረገው በዚያ ያሉ የቤተ መጻሕፍት ጠባቂዎች ያውቃሉ። የአገራችን ቀለም ጠላት ውኃ ነው። ጣራው ያፈሰሰበት መጽሐፍ ፊደሉ ታጥቦ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

ብራናው ሲጻፍ በወስፌ እየተወጋ ምልክት ይደረግበታል፤ ከምልክት እስከ ምልክትም ያለ ቀለም በደንደስ ይሰመራል፤ ፊደሉም በመሥመሩ ይያዛል። የተጻፉት ጥራዞች በክር ወይም በጅማት እንደ ሰንሰለት እየተያያዙ ይሰፋሉ፤ ሙጫ የለበትም። ስለዚህ የኢትዮጵያ መጽሐፍ ሲከፈት ያለ ችግር ይዘረጋል፤ ክሩ ቢበጠስም እንደ ገና መስፋት ይቻላል። መክደኛው እንጨት ሲሆን፥ ገንዘብ ያለው ሰው በቆዳ ያስለብሰዋል፤ ደጓሹም በእሳት በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትምበታል። ድሃ ቤተ ክርስቲያን ግን እንጨቱን ራቁቱን ይተወዋል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ ነገር አለ። በቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ መክደኛውን ከውስጥ በኩል ገልጦ የተመለከተ ሰው፥ ቆዳው ታጥፎ በተቀመጠበት መካከል ባዶ የቀረውን ስፍራ የሚሸፍን ቍራጭ ጨርቅ ያገኛል። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የህንድ ጥልፍልፍ አበባ ያለበት፥ ወይም ሐር፥ ወይም ከፋይ። ልብስ ከተሰፋ በኋላ የተረፈ ቅዳጅ በመጽሐፍ ሆድ ውስጥ ክብር አግኝቶ ለመቶ ዓመታት ተቀምጧል። ሥዕል ያለበትም ገጽ እንደ ሆነ፥ ከላዩ ስስ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ይሰፋለታል፤ ቀለሙ ከፊት ለፊቱ ካለው ገጽ ጋር እንዳይተሻሽና ሥዕሉም ሳይገለጥ በአክብሮት እንዲቈይ ነው። በፈረንጅ አገር ሴቶችና ልጆች የጨርቅና የወረቀት ቅዳጅ እየቈረጡ በደብተር የሚለጥፉበት የመዝናኛ ሥራ አለ፤ የአገራችን ደጓሽ ግን ያንኑ ሥራ ያለ ጨዋታ ሲሠራው ኖሯል።

ያለቀለት መጽሐፍ በልኩ የተሰፋ የቆዳ ማኅደር ይገባለታል። ማኅደሩ ጠፍር አለውና በግድግዳ ላይ በተተከለ ችካል ይንጠለጠላል። ማንጠልጠሉ ለጌጥ አይደለም፤ ምስጥና አይጥ ከመሬት፥ እርጥበትም ከግድግዳ ይመጣሉና፥ በመካከል አየር እያገኘ የተንጠለጠለ መጽሐፍ ከሁሉም ይድናል። ከሣጥን ታጉሮ ከተረሳ መጽሐፍ ይልቅ በየጊዜው ወርዶ የሚነበብ መጽሐፍ ዕድሜው ይረዝማል። አለመነካት ጥበቃ የሚመስላቸው አሉ፤ ተሳስተዋል።

ማኅደሩ የሚጠብቀው ጸሎቱንና ምንባቡን ብቻ አይደለም። በወንጌል መጀመሪያና መጨረሻ በሚተርፈው ባዶ ቅጠል ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም፤ የርስት ስጦታ፥ የንዋየ ቅድሳት ቍጥር፥ የዕርቅ ቃል፥ የውሰት ማስታወሻ። በሽመዛና በደብረ ሊባኖስ ባለው የወርቅ ወንጌል ላይ የንጉሥ ላሊበላ የርስት ስጦታ ተጽፎ ይገኛል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ባስጻፉት ወንጌልም የገዳሙ የመጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦበታል። አባቶች ለዚህ ሥራ ወንጌልን የመረጡት ማንም እጁን ሊዘረጋበት አይደፍርም ብለው ነው። እንግዲህ ታሪክ ጸሐፊ ስለዚያ ዘመን የሚያውቀው ብዙው ነገር፥ ለንባብ ከተዘጋጀው ገጽ ሳይሆን ከተረፈው ቍራጭ የተገኘ ነው።

ወደ ሐረር እንመለስ። በአማርኛ ክታብ ሲባል በአንገት የሚታሰረው ነው፤ በሐረር ግን ኪታብ ማለት መጽሐፍ ነው፤ ሁለቱም መጻፍ ከሚለው ከአንድ ሥር ወጥተዋል። የሐረር ኪታብ ብራና አይደለም። ነጋዴዎች በዘይላ በኩል ከባሕር ማዶ ወረቀት ያስመጡ ነበር፤ ከዚህም ወረቀት ብዙው በኢጣልያ በቬኔስያ አገር ለምሥራቅ ገበያ የተሠራ ነው። አንዱን ቅጠል አንሥቶ በብርሃን ላይ የያዘ ሰው፥ በውስጡ እየቀነሱ የሚሄዱ ሦስት ጨረቃዎች ያያል፤ የወረቀት ሠሪው ማኅተም ነው። በዚህ ምልክት ሊቃውንት ቀን ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ዘመን ይገምታሉ።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው ለከተማይቱ ምስጋና የሚያበዛ አልነበረም፤ ስለ መጽሐፍ ጥራዛቸው ግን በጥንካሬና በመልክ ከፋርስ በቀር በምሥራቅ የሚበልጣቸው እንደሌለ ጽፏል። የሐረር መክደኛ ቆዳው በማኅተም የተጌጠ ሆኖ፥ ከወደ ግራው እንደ ፖስታ ክዳን የሚታጠፍ ምላስ አለው፤ ይህ ምላስ የወረቀቱን ጠርዝ ከአቧራ ይጠብቃል። የብራና መጽሐፍ ማኅደር የሚሠራውን ሥራ የሐረሩ መጽሐፍ ከራሱ መክደኛ ጋር አዋሕዶ ይዞታል ማለት ነው።

ወረቀት ግን የሐረርን አየርና ውኃ ሁልጊዜ አልወደደውም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ሳለ በ1875 ዓ.ም. የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ራሱን እያነሣ ለቤተ ሰቡ ልኮ ነበር፤ ሥዕሎቹ ነጭ ሆነው የደበዘዙት በመጥፎ ውኃ ስለ ታጠቡ መሆኑንም በደብዳቤው ገልጧል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ የባለቅኔውም ፊት በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ይታያል።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላ የብራናው ወገንና የወረቀቱ ወገን በአንድ ግዛት ውስጥ ተገናኙ። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በሐረር የካፑቺን ሚሲዮናውያን በለምጻሞች መንደር ማተሚያ አቆሙ፤ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ አወጡ፤ ማተሚያውም በኋላ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ሐዲዱ በጨርጨር ቆላ አልፎ በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል፥ ወረቀት በግመልና በበቅሎ ጭነት ሳይሆን በፉርጎ የሚመጣ ዕቃ ሆነ። በ1910ዎቹም አውሮጳ ተምረው የመጡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው፥ አሰበ ተፈሪን ለሌላው አገር አርአያ የምትሆን ከተማ ለማድረግ ደከሙ። በመዝገብ የሚገዛ አገር ደብተር ይፈልጋል፤ ማኅተም ይፈልጋል፤ የተጻፈውንም የሚያስቀምጥበት ሣጥን ይፈልጋል። ቃል በሽማግሌ አፍ ይጠበቅ በነበረበት ደጋ ወረቀት ምስክር ሆኖ ተቀመጠ።

ይሁን እንጂ በባቡር የመጣው ወረቀት በዘይላ በኩል ይመጣ የነበረው አልነበረም። የጥንቱ ወረቀት ከተልባ እግር ጨርቅ ቅዳጅ ይሠራ ነበር፤ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን ፋብሪካዎች ከእንጨት ይሠሩት ጀመር። የእንጨት ወረቀት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ኮምጣጣ ነገር አለበትና ራሱን በራሱ ይበላል፤ ይቢጫል፤ ይሰበራል። ከዚህ የተነሣ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ፤ ከ200 ዓመት በፊት በሐረር የተጻፈ ኪታብ እንደ ልብ ሲገለጥ፥ አያት ያስቀመጡት የመቶ ዓመት የማይሞላው ጋዜጣ በእጅ ላይ ይፈረፈራል። በቤቱ የቆየ ደብዳቤ፥ የውል ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሙጫ ያለበት ላስቲክ በተቀደደ ወረቀት ላይ መለጠፍ ከቀዳዳው የባሰ ጕዳት ያመጣል፤ ሙጫው ወደ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱን ያጠቍረዋልና። ፕላስቲክ ከረጢትም እርጥበቱን ይዞ ያሻግታል። የአባቶች ሥራ ቀላል ነበር፤ የሚፈታ ስፌት፥ የሚተነፍስ ቆዳ፥ ከመሬት የራቀ መስቀያ።

ከምስጥና ከእርጥበት የሚብስ ግን የሰው እጅ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ፤ እነዚያ ቢወሰዱም ሙሉ ናቸው፤ ያሉበትም ይታወቃል። በኋላ ዘመን የመጣው ክፉ ልማድ ሌላ ነው። መጽሐፉን ገነጣጥሎ ቅጠል ቅጠሉን ለመንገደኛ መሸጥ፥ ወይም በጥንታዊ ብራና ላይ ጽሑፉን ሸፍኖ አዲስ ሥዕል መሣልና ዋጋውን ማስወደድ ተጀመረ። ቅጠሉን የገዛው እንግዳ በመስተዋት አድርጎ በግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ምናልባትም መልካም ያደረገ ይመስለዋል። ከየትኛው መጽሐፍ፥ ከየትኛው ደብር እንደ ተቈረጠ ግን የሚያውቅ የለም። በባዶው ገጽ የርስት ቃል ወይም የዕርቅ ቃል ተጽፎበት ከነበረም፥ ያ ሁሉ እንደ ጌጥ ተሸጠ። አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣትን ይከለክላል፤ አንዲት ቅጠል ግን በመጽሔት መካከል ታጥፋ ስታልፍ ማን ያያታል?

ይህን ጥፋት ለመመከት የተደከመም አለ። በ1960ዎቹ በቤተ ክርስቲያን ድጋፍ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ፎቶ ማንሣት ሥራ በየአድባራቱ ያሉትን በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት በማይክሮፊልም አስቀርቷል። የታሪክ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴም ስለ ብራና አፋፋቅና ስለ ጥራዝ የሚናገር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በሐረር ደግሞ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በገዛ ቤታቸው ጀምረው የሰበሰቡት ከ1,000 የሚበልጥ ኪታብ በቀድሞው በራስ ተፈሪ ቤት በተከፈተው ሙዚየም ይገኛል፤ ተረስቶ የነበረውም የጥራዝ ጥበብ እንዲመለስ እርሳቸው ብዙ ደክመዋል። የፈረሰ መክደኛ እየተመረመረ፥ ቆዳው እንዴት እንደ ተለፋ በሙከራ እየተፈለገ ጥበቡ እንደ ገና ተገኘ።

በብራናው ወገን ያለው ለውጥ ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። ዳዊቱ ዛሬ በአዲስ አበባ በማተሚያ የታተመ የወረቀት መጽሐፍ ነው፤ ገዝቶ ወደ ገጠር የሚመለስ ቄስ ግን አስቀድሞ ወደ ቆዳ ሰፊ ይዞት ይሄዳል። ሰፊውም ርዝመቱንና ውፍረቱን በክር ይለካል፤ ጠፍር ያለው ማኅደር ይሰፋለታል፤ የታተመውም ዳዊት ከብራናው ጎን በዚያው ችካል ላይ ይንጠለጠላል።