ከቡታጋዝ ሲሊንደር እስከ ባሕር ወለል፦ የአንዲት ቫልቭ ታሪክ

በብዙ የከተማ ቤት ማድቤት ውስጥ የቡታጋዝ ሲሊንደር አለ። አንገቱ ላይ የምትታሰረው ክብ ነገር ሬጉሌተር ትባላለች። ሥራዋ በሲሊንደሩ ውስጥ ታምቆ የተቀመጠውን ጋዝ ምድጃው ወደሚችለው ዝቅተኛ ግፊት ማውረድ ነው። ስትበላሽ ሽታው ይነግረናል፤ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ባለሙያ ይጠራል። ከባሕር በታች 30 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ ግን የሚከፍተው መስኮት የለውም። እሱ የሚተነፍሰው በዚህችው ሬጉሌተር የቅርብ ዘመድ ነው።

ዛሬ ለጠላቂዎች ሬጉሌተር የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው አየሩ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሳብ ነው። የዕቃዋን ታሪክ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያስቀድማል፦ ስትበላሽ ወዴት በኩል ትበላሻለች?

ነገሩ የተጀመረው ከባሕር ሳይሆን ከማዕድን ጉድጓድ ነው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ቤኑዋ ሩኬሮል እ.ኤ.አ. በ1860 መርዛማ ጋዝ በሞላበት ዋሻ ውስጥ ሰው እንዲተነፍስ የምታስችል ቫልቭ በስሙ አስመዘገበ። ከአራት ዓመት በኋላ ኦጉስት ደኔሩዝ ከተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ጋር ሆኖ መሣሪያውን ለጠላቂዎች አመቻቸው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በአንድ ትንሽ ክፍል ላይ ስስ ጎማ ይወጠራል። ሰውየው አየር ሲስብ በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው ውኃ ጎማውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጎማውም ቫልቩን ይከፍተዋል። መሳቡን ሲያቆም ቫልቩ ይዘጋል። ውኃው በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ስለሚጨምር የሚመጣውም አየር በዚያው ልክ ይጨምራል። ልኩን የሚሰጠው ባሕሩ ራሱ ነው።

መሣሪያው በጁል ቬርን ልብ ወለድ ውስጥ እስኪጠቀስ ድረስ ዝነኛ ሆነ። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነበር። የዘመኑ ብረት ዛሬ ሲሊንደሮች የሚሞሉበትን 200 ባር ያህል ግፊት ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ጠላቂው ለረጅም ሥራ ከመርከብ በሚወርድ ቱቦ እንደታሰረ ቀረ። የሩኬሮል ሐሳብም ሰማንያ ዓመት ገደማ ተኛ።

በመካከሉ ሌሎች ሞክረዋል። ኢቭ ለ ፕሪየር እ.ኤ.አ. በ1933 ከፍተኛ ግፊት ያለው ሲሊንደር ይዞ የሚጠለቅበትን መንገድ አሳየ፤ ቫልቩ ግን በእጅ የሚከፈት ስለነበር አየሩ በከንቱ ይፈስ ነበር። ንጹሕ ኦክስጅን ያለበትን መሣሪያ የመረጡም ነበሩ። ከነሱ አንዱ የሆነው የባሕር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ሁለት ጊዜ ከውኃ በታች ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ ራሱን ሊስት ደርሷል። ኦክስጅን ከጥቂት ሜትሮች በታች መርዝ እንደሚሆን በገዛ ሰውነቱ ተማረ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ጀርመን ፈረንሳይን ስትይዝ ቤንዚን ጠፋ፤ መኪኖች በጋዝ እንዲሄዱ ተሞከረ። በኤር ሊኪድ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን ጋዙን ለሞተሩ እንደ ፍላጎቱ የምትመጥን ትንሽ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942 ኩስቶ ፓሪስ መጥቶ የሚፈልገውን ሲያስረዳው ጋኛን ያሳየው ያቺን ቫልቭ ነው። ኩስቶን ከኩባንያው ጋር ያገናኘው የሚስቱ አባት መሆኑን ማስታወስ አይከፋም፤ እሳቸው የኩባንያው ኃላፊ ነበሩ። ዘመድ የማይሠራው የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ በማርን ወንዝ ተደረገ፤ አልተሳካም። ኩስቶ በአግድም ሲዋኝ በደንብ ይተነፍሳል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ተዘቅዝቆ ሲወርድ ደግሞ መሳብ ይከብደዋል። ምክንያቱን ያገኙት ቆይተው ነው። የተነፈሰው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከቫልቯ ራቅ ያለ ስለነበር፣ ሰውየው ሲገለባበጥ አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ በመካከላቸው ያለው የትንሽ ስንዝር ውኃ ሚዛኑን ያፈርሰዋል። መውጫውን ከጎማው አጠገብ አደረጉት፤ ነገሩ ተቃና። እ.ኤ.አ. በ1943 ክረምት ሜዲትራኒያን ውስጥ ሠራ።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 የኩስቶ ባልደረባ ሞሪስ ፋርግ ጥልቀት ለመለካት ወርዶ 120 ሜትር ላይ በገመዱ ሰሌዳ ላይ ስሙን ጻፈ። ሲያወጡት የአፍ መያዣው ከአፉ ወጥቷል። ቫልቭ ቢጠና ቢጠና፣ በዚያ ጥልቀት ናይትሮጅን አእምሮን ያሰክራል። ውድ ሬጉሌተር ገዝቶ ጥልቀትን የሚዳፈር ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው ክፍሎችን የመቀነስና የመለየት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አውስትራሊያዊው ቴድ ኤልድሬድ በሜልበርን ሁለቱን ወፍራም ቱቦዎች አስቀርቶ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ክፍል ሲሊንደሩ ላይ ሆኖ ግፊቱን ከአካባቢው ውኃ አሥር ባር ገደማ ብቻ ወደሚበልጥ መጠን ያወርዳል፤ ሁለተኛው አፍ ላይ ሆኖ ወደ ትንፋሽ ይለውጠዋል። ዛሬ በየባሕሩ የምናየው ይኸው ነው። ፈረንሳዮቹ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1955 ሚስትራል የምትባለውን በባለሁለት ቱቦ መልክ ግን በአንድ እርከን ብቻ የምትሠራ ዕቃ አወጡ። በውስጧ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጥቂት ስለነበር የሚበላሸውም ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በዛሬዎቹ ሬጉሌተሮች አብዛኞቹ ላይ የአፍ በኩሏ ቫልቭ የተሠራችው አየሩ ራሱ ወደ መክፈት እንዲገፋት ተደርጎ ነው፤ ዘግቶ የሚይዛት ትንሽ ሽቦ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ያለው ክፍል ተበላሽቶ ግፊቱ ሲጨምር ቫልቯ ትከፈትና አየር ይንፎለፎላል። ያስደነግጣል፣ ሲሊንደሩንም ያራቁታል፤ ነገር ግን ሰውየው እየተነፈሰ ወደ ላይ ይወጣል። በቀደሙት አንዳንድ ሞዴሎች ግን አየሩ ቫልቯን ወደ መዝጋት ይገፋት ነበር። እዚያ ግፊት ሲጨምር ቫልቯ ይበልጥ ትጠብቃለች፤ ማስተንፈሻ የሚሆን ሌላ ቫልቭ ካልተጨመረ መሳብም አይቻልም። አንደኛዋ ስትበላሽ ትሰጣለች፣ ሁለተኛዋ ስትበላሽ ትነፍጋለች። ሠሪዎቹ ዕቃቸው አንድ ቀን እንደሚከዳ አምነው የክህደቱን አቅጣጫ መምረጣቸው ከሁሉም ፈጠራ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሲሊንደሩ በኩል ያለው ምርጫ ፒስተን ወይም ዲያፍራም ነው። ተራው ፒስተን ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ዋና አካል አንድ ነው፤ ማደሱም ርካሽ ነው። ጉድለቱ ጥልቀት ላይ ሲሊንደሩ ሲጎድል ትንፋሹ መክበዱ ነው። ዲያፍራም ያለው ብዙ ክፍል አለው፤ በለውጡ ውኃና አሸዋን ከውስጡ ያርቃል። የታመቀ አየር ሲለቀቅ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ በረዶ በሚቀርብ ውኃ ውስጥ ፒስተኑ ዙሪያ ያለው ውኃ ሊረጋና ክፍት አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ለሰሜን አውሮፓ ሐይቅ የተዘጋው ዲያፍራም ይመረጣል። ቀይ ባሕርን በመሰለ ሞቃት ውኃ፣ ብዙ ለማይጠልቅ ሰው፣ ተራው ፒስተን ከበቂ በላይ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ቢል።

ጥገና የማይጠይቅ የሚባለው ግን የለም። የጎማ ቀለበቶቹ ያረጃሉ፤ ጨው ይደርቃል፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውም ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ገዢው ከስሙ በፊት የሚያጣራው መለዋወጫው በሚኖርበት ከተማ መገኘቱንና የሚያውቀው ጠጋኝ መኖሩን ነው። ከባሕር ሲወጣ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ከማጠቡ በፊት የመግቢያዋን ክዳን ደርቆ እንደሆነ አይቶ ይገጥማል። ክዳኑን ረስቶ ባልዲ ውስጥ የነከራት ሰው ባሕሩ ያላስገባውን ውኃ ራሱ አስገባ ማለት ነው።