የጌም ኮምፒውተርን ክፍሎች ማሻሻል

የጌም ኮምፒውተርን ክፍሎች ማሻሻል ማለት አንድን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ሳይቀይሩ፣ ከበድ ያሉ ጌሞችን እንዲያጫውት አንዳንድ ክፍሎቹን በተሻሉ መተካት ወይም መጨመር ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀየሩት ራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ ግራፊክስ ካርድ (በገበያ «ቪጂኤ» የሚባለው) እና ፓወር ሰፕላይ ናቸው። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ከተቀየሩ ግን ሥራው ማሻሻል መሆኑ ቀርቶ አዲስ ኮምፒውተር መገጣጠም ይሆናል። በላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መቀየር የሚቻለው ራምና ዲስክ ብቻ ነው።

መነሻው የቢሮ ኮምፒውተር

በኢትዮጵያ ጀማሪው የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ለጌም ከተሠራ ማሽን ሳይሆን በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎ ከገባ ዴስክቶፕ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር የታወቁት ናቸው። እነዚህ ማሽኖች የሚናቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 ጥሩ መለኪያ ይሆናል፤ አሳታሚው የሚመክረው ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም እና ባለ 2 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 660 ካርድ ነው። ይኸው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ውስጥ በብዛት ይገኛል። እንግዲህ ማሽኑን ለዚህ ጌም የሚያንሰው ራምና ካርድ እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም ማለት ነው። ፕሮሰሰር ለመቀየር መጣደፍ የጀማሪ የተለመደ የገንዘብ ብክነት ነው።

ራም ሲገዛ ዓይነቱ ከማዘርቦርዱ ጋር መግጠም አለበት። ዲዲአር3 240 ፒን፣ ዲዲአር4 ደግሞ 288 ፒን አለው፤ ጥርሱ መሐል ያለው ክፍተትም ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። በግድ መጫን ማስገቢያውን ይሰብራል። አንድ ባለ 8 ከማድረግ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ማድረግ ይሻላል፤ በተለይ ካርድ ለሌለው ማሽን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካት የጌሙን ምስል ፍጥነት እምብዛም አይጨምርም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚነሳበትንና ጌሙ የሚከፈትበትን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል።

ካርዱና ፓወር ሰፕላዩ

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 7010 በረጅሙ ኬዝ 275 ዋት፣ በትንሹ ኬዝ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይዞ ነው የሚመጣ፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ማዘርቦርዱ በካርድ ማስገቢያው በኩል የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። በዚህ ልክ የሚሠሩ ካርዶች ጂቲኤክስ 750 ቲአይ (60 ዋት)፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ (75 ዋት) እና የመሳሰሉት ናቸው። ካርዱ ላይ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የኃይል መሰኪያ ካለ ፓወር ሰፕላዩም መቀየር አለበት። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። 7010 የተለመደውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ሲጠቀም፣ ተከታዩ 9020 ግን ዴል ራሱ ያወጣውን ባለ 8 ፒን ስለሚጠቀም ያለ ማገናኛ ገመድ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አይቀበልም። ትንሹ ኬዝ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ያስገባል። ስለዚህ ከግዥ በፊት ኬዙን ከፍቶ ማየት፣ በሜትር መለካትና የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው።

ይህ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የበለጠ ያሳስባል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ 390፣ ከባሕር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከመርካቶ በሰው እጅ የተላከ ካርድ አልገጥም ቢል መመለሻው ከባድ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ዕቃዎቹም ከውጭ የሚገቡ ናቸው።

ያገለገለ ካርድ

በዓለም ገበያ የሐሰት ካርዶች አሉ፤ አሮጌ ቺፕ ውስጣዊ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ» እንዲል ይደረጋል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አብዛኞቹን ለይቶ ያሳውቃል፤ ሻጩ ፊት ማስከፈት ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ቀን ከሌሊት የሠሩ ካርዶችም ወደ ገበያ ወጥተዋል። ካርዱን ግማሽ ሰዓት ያህል ጌም እያጫወቱ ሙቀቱንና የፋኑን ድምፅ መከታተል ጥሩ መፈተኛ ነው።

መብራት፣ አቧራና ከፍታ

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ መሰል ቁልፍ አለው፤ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ኬዙ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ስለሌለው ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዩፒኤስ ከካርዱ እኩል ሊታሰብ ይገባል። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ 650 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ የሚችለው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ባትሪውም ጌሙን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት እንጂ ለመጫወት አይበቃም። ባዮስ በሚታደስበት ሰዓት መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ከነጭራሹ ሊሞት ይችላል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲኖር ገመዱን መንቀል እንጂ በማብሪያው ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋን የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በበጋ አቧራ ሲጨመርበት ማሽኑ በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም ካርዱ ያረጀ ይመስለዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በእጅ ማናፈሻ፣ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዞ ማጽዳት ይቻላል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ውኃና ዘይት ቀላቅሎ ሊረጭ ስለሚችል አይመከርም።

ሶፍትዌር

አዲስ ካርድ ያለ ድራይቨር በሙሉ አቅሙ አይሠራም፤ ድራይቨሩም በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሲታሰብ፣ ድራይቨሩን ከካርዱ ጋር በፍላሽ አስጭኖ ማምጣት ብልህነት ነው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችን ባብዛኛው በይፋ አይቀበልም፤ ከላይ የተጠቀሱት 7010 እና 9020 ሁለቱም ከዚያ በታች ናቸው።